ለናዝራዊት ዱባለ የታረደው በግ

ወሬው ልብስ ሰፊው ዱባለ ዘንድ የደረሰው ከአረካ ነው። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ስለተቃረበ የሶዶ ሰው ሁሉ የባህል ልብሱን ዱንጉዛ ሊያሰፋ ይጎርፍ ነበር፤ ዱባለም ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ጥለት ከፊቱ ከምሮ ቀና ሳይል ሲሰፋ ነው ያረፈደው። ስልኩ ሲጮህ የሚስቱ ወንድም ኤልሳዕ ነበር።

«እንኳን ደስ አለህ» አለው ኤልሳዕ። «ናዝራዊት ዱባለ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከዞኑ አንደኛ ወጥታለች። እዚህ ሰው ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነው።»

ዱባለ እግሩን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አነሳ።

እሱ ራሱ ትምህርቱን ያቋረጠው በልጅነቱ ነው። አባቱ ሲሞትበት ደብተሩን አስቀምጦ የሰው ሱሪ ማሳጠር ጀመረ፤ በዚያው ቀረ። ልጁ ናዝራዊት ስፌት መኪናው አጠገብ ስትቆም እንኳ «አንቺ ወደ ጥናትሽ» እያለ ነው ያሳደጋት። በእነዚህ ዓመታት ደግሞ ፈተናውን ማለፍ ብርቅ ሆኗል፤ ስንት ጎበዝ የተባለ ልጅ ወድቆ እቤቱ ተቀምጧል። እና የእሱ ልጅ አንደኛ።

ሱቁን ዘጋ። ፊት ለፊት ካለው ሥጋ ቤት ገብቶ ለደገፉ ነገረው። ደገፉ ቢላዋውን ግንዱ ላይ ሰክቶ አቀፈው። ከዚያ ለሻይ ቤቷ ባለቤት ነገራት፤ ለባጃጅ ነጂዎቹ ነገራቸው፤ መንገድ ላይ ላገኛቸው የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ነገራቸው፤ ለጎረቤቱ ለጡረተኛው ለአቶ ቢያድግልኝ ደግሞ ሰላም እንኳ ሳይላቸው ነው የነገራቸው። ያገኘውን ሁሉ «ማምሻውን እቤት ኑ» አለ። እቤቱ ሳይደርስ ሚስቱ ሚርያም ሰምታ እልል ስትል ከመንገድ ተሰማው። ለጊፋታ የተገዛው በግ በዚያው ታረደ።

ናዝራዊት የመጣችው ደገፉ በጉን ዛፍ ላይ ሰቅሎ ሲገፍ ነው። ጎረቤቶች ወንበር እያመጡ ነበር። ሁለት ሴቶች ሊስሟት ሲነሱ ሸሸት አለች።

«አባዬ፣ እስቲ አንዴ ወደ ውስጥ» አለችው።

ተከትሏት ገባ። በሩን ዘጋችው።

«ምን ብለው ነገሩህ?»

«አንደኛ ወጣሽ አሉኝ እንጂ።»

«እኔ አይደለሁም። ሞክሼዬ ናት፤ ከቤሌ የመጣችው ናዝራዊት። ክፍላችንም አንድ ነው፤ አባቷም ዱባለ ነው የሚባለው። መምህራኑ የሚለዩን ‹የሶዶዋ›፣ ‹የቤሌዋ› እያሉ ነው።»

«አንቺስ?»

«ማለፊያው ላይ አልደረስኩም። ትንሽ ነው የጎደለኝ፤ የማካካሻው ትምህርት፣ ሪሜዲያሉ፣ ይደርሰኛል። ጠዋት ነው ያየሁት። ልነግርህ እየመጣሁ ነበር።»

ዱባለ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ እሳት ሆነ። መጀመሪያ የመጣለት ደጅ ያለው ሰው ነው፤ ለማን ለማን እንደተናገረ አንድ በአንድ ታየው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ናዝራዊት ግን ከፊቱ አልሄደችም። አንገቷንም አልደፋችም፤ ቆማ ትጠብቀዋለች።

«የዚያችኛዋስ አባት አሁን ምን እያደረገ ይሆን?» አለ፤ እንዲህ ያስባለው ቅናት ነው።

«አባት የላትም። ትንሽ ልጅ ሆና ነው የሞተባት። እናቷ ቤሌ ናቸው፤ እሷ እዚህ አንዲት ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ውጤታችንን ያየነው አብረን ነው። የእሷን ስታይ የምታደርገው ጠፋት፤ አሁን ልብስ ታጥባለች።»

«ልብስ?»

«የታጠበውን መልሳ ታጥባለች።»

ከውጭ የሰው ሳቅ ይሰማል። ዱባለ ቀና አለ።

«ስሟ ናዝራዊት ዱባለ ነው አልሽኝ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ሂጂና አምጫት። በጉ የታረደው ለናዝራዊት ዱባለ ነው።»

ናዝራዊት አባቷን ትኩር ብላ አየችው። «ሰው ይስቅብሃል፤ አታፍርም?»

«እያፈርኩ ነው። አንቺ በሩን ዘግተሽ እውነቱን ከነገርሽኝ፣ እኔ ከፍቼ መናገር አያቅተኝም። ሂጂ።»

እሷ በጓሮ ወጣች፤ እሱ በፊት ለፊት። ደጁ በሰው ሞልቷል። ዱባለ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጎረቤቶቼ፣ ተሳስቼ ነው ያሳሳትኳችሁ» አለ። «አንደኛ የወጣችው የእኔ ልጅ አይደለችም፤ የልጄ ሞክሼ ናት፤ የቤሌ ልጅ። አባቷ ስሙ እንደ እኔ ዱባለ ነበር፤ አሁን በሕይወት የለም። ደስታዋን የሚካፈላት ሰው እዚህ ስለሌላት ወደ እኔ ቤት አስጠርቻታለሁ። መሄድ የፈለገ ቢሄድ አልቀየመውም።»

ደገፉ ቢላዋውን እንደያዘ ቆሟል። መጀመሪያ የተናገሩት አቶ ቢያድግልኝ ናቸው።

«ልጅቷ እስክትመጣ ሥጋው ይድረስ እንጂ» አሉ፤ ወንበራቸውንም ወደ ጥላው ሳብ አድርገው ተደላደሉ። የሄደ ሰው አልነበረም።

የቤሌዋ ናዝራዊት ክንዷን በሞክሼዋ ተይዛ ገባች። ቀጭን፣ ረዘም ያለች ልጅ ናት፤ የእጇ ጣቶች ከእጥበቱ ብዛት ተጨማደዋል። ሚርያም እልልታውን እንደገና ጀመረችው፤ ልጅቷ ደንግጣ ወደ ኋላዋ ዞረች፣ ሌላ ሰው የመጣ መስሏት። ዱባለ ሁለቱን ግራና ቀኝ አስቀመጣቸው። ሥጋው ከሚያቃጥለው የቃሪያ ዳጣ ጋር ሲቀርብ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእንግዳዋ፣ ሁለተኛውን ለልጁ ሰጠ።

«አባትሽን ታስታውሺዋለሽ?» አላት ቆየት ብሎ።

«መልኩ ጠፍቶብኛል» አለች። «ድምፁን ነው የማስታውሰው። ሲጠራኝ ‹ናዝራዊት ዱባለ› ብሎ ነበር፤ ሙሉውን። ከሜዳ ማዶ ሆኜ እሰማው ነበር።»

ዱባለ ሌላ ጉርሻ ጠቀለለላት።

ጊፋታ ካለፈ በኋላ ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ተማሪዎች በከተማው አዳራሽ ሊሸለሙ ተጠሩ። ዱባለ ለሁለቱ ልጆች ከአንድ ጣቃ ሁለት የዱንጉዛ ቀሚስ ሰፋ። የልጅቷ እናት ቦሼ ከቤሌ በአውቶቡስ መጡ፤ አማርኛ ብዙም ስለማይሆንላቸው የሶዶዋ ናዝራዊት አጠገባቸው ተቀምጣ የሚባለውን በወላይትኛ ትነግራቸዋለች። ዱባለ፣ ሚርያምና ደገፉ ከኋላ ተቀመጡ።

መድረክ መሪው «ተማሪ ናዝራዊት ዱባለ፣ ከወላጆቿ ጋር» ሲል ልጅቷና እናቷ ወጡ። ቦሼ መድረኩ ላይ ደርሰው ዞሩ። አዳራሹን በዓይናቸው ፈለጉ፣ ዱባለን አገኙት፣ በእጃቸውም ና አሉት። እሱ ወንበሩ ላይ ተጣበቀ።

«ሂድ እንጂ አባዬ» አለችው ልጁ ከፊት ዞራ።

ሄደ። ኮቱን እየቆለፈ ደረጃውን ወጣ። መድረክ መሪው ድምፅ ማጉያውን አስጠጋለትና «አባት?» አለው።

«ዱባለ እባላለሁ» አለ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ልጅቷ በእናቷና በእሱ መካከል ቆማ ሽልማቷን ተቀበለች። ነገሩን የማያውቁ አንድ አዛውንት እንግዳ የዱባለን እጅ ጨብጠው «የታደልክ ነህ፣ ይህችን የመሰለች ልጅ» አሉት። ዱባለ ወደ ታች ተመለከተ። ሌላው ሁሉ ተቀምጦ ሲያጨበጭብ የሶዶዋ ናዝራዊት ቆማ ነው፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ እጇ እስኪቀላ።

«የእኔዋ ያቺ ናት» አላቸው በጣቱ እያሳየ። «ያቺ የቆመችው።»

ይህን ሲናገር ደረቱ እንዴት እንደተነፋ ያየ አንድ ደገፉ ነው፤ በኋላ ሥጋ ቤቱ ለሚገባ ሁሉ አውርቶታል።

በማግስቱ ቦሼ ወደ ቤሌ ሲመለሱ ዱባለ ዕቃቸውን ተሸክሞ እስከ መናኸሪያው ሸኛቸው። አውቶቡሱ ውስጥ አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት ሰውየው ማን እንደሆነ በወላይትኛ ጠየቀቻቸው። ቦሼ በመስኮቱ ወደ ዱባለ አዩና፣ እሱ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «የናዝራዊት አባት ነው» አሏት። ዱባለ አላረማቸውም። አውቶቡሱ ከመናኸሪያው ወጥቶ የምዕራቡን መንገድ እስኪይዝ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሸኛቸው፤ ከዚያ ልጁን ለሪሜዲያሉ ሊያስመዘግብ ሄደ።