አንገቴ ያሳበቀብኝ ቀን

ሐኪሙ ደም ግፊቴን ለክቶ ሲያበቃ ማዳመጫውን አንገቴ ላይ ለጠፈና ግንባሩን ቋጠረ። «ደሙ ሲያልፍ ድምፅ አለው፤ በአልትራሳውንድ ይታይ» አለ። ለእኔ እንዳይመስላችሁ፤ ለልጄ ነው የነገራት። ሰው ካረጀ እንዲህ ነው፤ እንደ ዕቃ መሃል አስቀምጠውት በላዩ ላይ ያወሩበታል።

ክፍሏ ጨለም ያለች፣ መስኮት የሌላት ናት። አንድ ጠባብ አልጋ፣ አንድ ማሽን። ልጄ ቦርሳዬን ታቅፋ በሩ ላይ ተቀመጠች። ላምልጥ ብል እንኳ በእሷ ላይ ነው የማልፈው።

«እማማ፣ አንገትዎን ወደ ግድግዳው ያዙሩልኝ» አለ ባለማሽኑ። ከዚያ የሚያሟልጭ ቀዝቃዛ ነገር አንገቴን ለቀለቀው።

«ምነው ልጄ፣ እንደ ዓሣ ቀባኸኝ፤ ልትጠብሰኝ ነው?»

ሳቀ። «አሁን እንዳያወሩ፤ ጉሮሮዎ ከተንቀሳቀሰ ምስሉ ይጠፋብኛል።»

«አያውሩ አልካት?» አለች ልጄ። «ይሄን ማሽን ለቤትም ይሸጡታል?»

አፌን ለጉሜ ግድግዳ ግድግዳውን ማየት። የሚያሳክከኝ ግን አንገቴ አልነበረም፤ የደበቅኩት ነገር ነው።

በቀደም ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ቤት ቁጭ ብዬ፣ ባለሱቁ ከሚስቱ ጋር የተጣላበትን ነገር እያጫወትኳት፣ ወሬው ሊጥም ሲል ምላሴ እምቢ አለኝ። ቀኝ እጄ ብርጭቆውን ለቀቀው። ትንሽ ቆይቶ ሁሉም ተመለሰልኝ፤ ወሬዬንም ካቆምኩበት ቀጠልኩ። ልብስ ሰፊዋን ግን «ለልጄ ትንፍሽ ብትይ ዓይንሽን አላይም» አልኳት።

እንዴት ልንገራት? «አንድ ነገር ብትሆኚ ቤትሽን ቆልፌ እኔ ጋ ነው የምወስድሽ» ስትለኝ ኖራለች። እሷ ጋ ማለት አምስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ ሁልጊዜ ብልሽት። የእኔ ደጃፍ ላይ ሰፈሩ በሙሉ ያልፋል፤ ማን ማንን ይዞ እንደገባ ከወንበሬ ሳልነሳ አውቃለሁ። እሷ መስኮት ላይ የምታርፈው እርግብ ናት። እርግብ ደግሞ ወሬ የላትም።

ማሽኑ ድምፅ አለው ለካ! በቀኝ በኩል ሿ፣ ሿ፣ ሿ አለ፤ ልብስ እንደሚያጥብ ሰው፣ ደህና። ሰውየው ወደ ወዲያኛው ግድግዳ አዙሮኝ ወደ ግራ ሲያልፍ ድምፁ ቀጠነ፤ ጥርስ ነክሶ እንደሚያንሾካሹክ ሰው ፉጨት ሆነ። ሹክሹክታ ሳላውቅ ቀርቼ ነው? ስንቱን በግድግዳ ስሰማ የኖርኩ ሴት! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ለካ የገዛ አንገቴ ሲያማኝ ኖሯል።

ሰውየው ከዚያች ቦታ አልነቀል አለ። ይሄድና ይመለስባታል።

«ጠቦ ነው?» አልኩት በጥርሴ መሃል።

«ውጤቱን የሚነግርዎት ሐኪሙ ነው። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እጅዎ ዝሎ፣ አፍዎ ተሳስሮ ያውቃል?»

ልጄ ቀደመችኝ። «ኧረ በፍጹም! ለእኔ ሳትነግረኝ?»

ይቺን ስትል ጨነቀኝ። በሩ ላይ እሷ፣ ፊቴ ላይ ግድግዳ፣ አንገቴ ላይ የሰው እጅ።

«ይሄ ሥር የት ነው የሚሄደው፣ ልጄ?»

«ወደ አንጎል ግራ በኩል፣ እማማ። ብዙ ሰው ላይ ንግግር ያለው እዚያ ነው።»

ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ታየኝ። ሰፈሩ ያልፋል፣ ሁሉን አያለሁ፣ ሁሉን እሰማለሁ፤ ምላሴ ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጋድማለች። ከዚህስ እርግብ ይሻላል።

«ተሳስሮብኛል» አልኩ ለግድግዳው። «ልብስ ሰፊዋ ቤት።»

«እሷ ታውቃለች?» ልጄ ተነሳች። «እሷ አውቃ እኔ... እማዬ! ‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም› እያልሽ አይደል ያሳደግሽን?»

«ያሳደግኩሽማ እንድትሰሚኝ ነው፤ እንድትመልሽልኝ መቼ አልኩ?»

አልሳቀችም። ባለማሽኑም አልሳቀ። «ከዚህ ቀጥታ ሐኪሙ ጋ ትገባላችሁ። ይሄ ለነገ አይባልም» ብሎ አንገቴን በወረቀት ጠረገልኝ። «አሁን ማውራት ይችላሉ።»

ቀና ብዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ልጄ እጇን ዘረጋች። ለምን እንደዘረጋች አልጠፋኝም። የቤቴን ቁልፍ ከደረቴ አውጥቼ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት፤ ገና ይሞቅ ነበር። ጨበጠችው፤ በሌላ እጇ ደግሞ እኔን ደግፋ ከአልጋው አወረደችኝ፤ አጥብቃ፣ እንዳላመልጣት።

ሌላኛው ቁልፍ ልብስ ሰፊዋ ጋ ነው። ስለ እሱ ግን ማንም አልጠየቀኝ።