ከኮረብታው እስከ ገበያው

ታናሽ ወንድሜ የከተማ ፕላን መሐንዲስ ነበር፤ እኔ የብረት በር በያጅ ነኝ። ሱቄ ብቅ ሲል "ምሁሩ መጣ፣ ወንበር ልቀቁ!" እላለሁ። እሱም "እትዬ፣ መጀመሪያ ፊትሽን ታጠቢና ሰው ምሰይ" ይለኛል። እንዲህ ስንነካካ ነው ያደግነው።

ቢሮው ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ አሮጌ ካርታ በመስታወት ተሰቅሏል። ድሮ ከተማችንን በጦር የያዘ ጄኔራል ያስነደፈው ነው። ካርታው ላይ ከኮረብታው ምሽግ እስከ ገበያው ድረስ አንድ ሰፊ መንገድ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ለምን ቀጥ እንዳለ ድፍን ሰፈሩ ያውቃል፦ ገበያው ካመፀ መድፉ ከላይ ሆኖ እንዲጠርገው። ጄኔራሉ መንገዱን ሳይጨርስ ተባረረ። ሰዉ መስመሩ ላይ ቤት ሠራ፤ አንዱ ወዲህ ገፋ፣ አንዱ ወዲያ ገፋ፣ መንገዱም እኛ ደጅ ላይ ሲደርስ ተጠመዘዘ። ግርግር በተነሣ ቁጥር ሰው የሚሮጠው ወደዚያ ጥምዝ ነበር፤ ከላይ የመጣ ጥይት ጥምዙ ላይ ያለውን የጎረቤታችንን የልብስ ሰፊውን ግድግዳ መትቶ ይቀራል።

ቢሮው ግን መስመሩን አልረሳም። እዚያ ቤት አዲስ ፕላን ሲነደፍ አሮጌው ከሥር ይነጠፋል፣ ስስ ወረቀት ይደረብበታል፣ ዋና ዋናዎቹ መንገዶች እንዳሉ ይገለበጣሉ። ኮምፒዩተር ከመጣ በኋላም ያው ነው። ወንድሜም ከአለቃው፣ አለቃውም ከቀድሞው አለቃ የተማሩት እንደዚያ ነው። አሁን ደግሞ ጥምዙ ፈርሶ መንገዱ እንደ ጥንቱ ካርታ ይከፈት ተባለ፤ ነዳፊው ወንድሜ ሆነ።

"ውበቱን እይው እስኪ፣ እትዬ" አለኝ። "ከላይ ሆነሽ ገበያው ወለል ብሎ ነው የሚታይሽ።"

"ምሽጉ ዛሬ ምንድን ነው?"

"ፖሊስ ጣቢያ።"

"እንግዲህ!"

"ኧረ ተይ፣ ያ ዘመን አልፏል" ብሎ ሳቀ። እሱ ሲስቅ መቆጣት ያቅተኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ደሜ ፈላ።

የእናታችን ቤት ከሱቄ ፊት ለፊት፣ ጥምዙ ላይ ነበር። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ አልጋ ላይ ናት። ውጪ ብንላት "በሬሳ ሣጥን ካልሆነ አልወጣም" አለች። ወንድሜ "የሚነካው የፊቱ ክፍል ብቻ ነው፣ እማዬ ከኋላ ትቆያለች፣ ወዲያው ግድግዳ አቆማለሁ" ብሎ ማለ። ጭንቀቴ እሷ ብቻ ነበረች። እንቢ ብትልም ተሸክሜ ላወጣት ስነሣ "እኔን አታምኚም ወይ?" አለኝ። አመንኩት።

የማፍረሱ ቀን ማለዳ አፍራሽ ማሽኑ በዘበኞች ታጅቦ መጣ። የእማዬን ፊት ክፍል በአንድ ግፊት ጣለው። ከዚያ የልብስ ሰፊውን ቤት ገና ዕቃው ሳይወጣ ይንደው ጀመር። ሰውዬው "የስፌት መኪናዬን!" እያለ ሲገባ አንዱ ዘበኛ አፉ ላይ በዱላ መታው፤ ጥርሱ ከደም ጋር መሬት ላይ ተበተነ። እኔም ቆሜ አላየሁም። ቧንቧ አነሣሁና የዘበኛውን ክንድ መታሁት። ሲሰበር ሰማሁ። እሰይ አልኩ፤ አሁንም እሰይ እላለሁ።

ከዚያማ ምኑ ይወራል! ድንጋዩ ዘነበ። ሹፌሩን ከማሽኑ ጎትተው አውርደው ረገጡት፣ ማሽኑን አነደዱት። ዘበኞቹ እግሬ አውጪኝ ብለው ወደ ኮረብታው ሸሹ። ወዲያው ከጣቢያው ተኩስ ተከፈተ።

ሰዉ እንደለመደው ወደ ጥምዙ ሮጠ። ጥምዙ የለም። ልብስ ሰፊው ግድግዳ የለውም። የሚሮጠው ከጀርባው እየተመታ እስከ ገበያው ድረስ ወደቀ። አንዲት ሴት ከወገቧ በታች ሞታ በክንዶቿ ስትድህ አየሁ፤ ሁለተኛው ጥይት አስተኛት።

ማፍረሱን ሊቆጣጠር የመጣው ወንድሜ እየተሳበ እኔ የተጠለልኩበት ሱቄ ገባ። ኮሌታውን ይዤ በጥፊ አጮልኩት። "እናትህን እያት! እያት እንጂ!" ቤቷ የፈረሰ ፊቱን ለኮረብታው ሰጥቷል። ከአልጋዋ ወድቃ መሬት ላይ ተጋድማለች፤ ከራሷ በላይ ግድግዳው እየተፈረፈረ ይረግፍባታል።

እሱ ግን ኮረብታውን ነበር የሚያየው። "በሮችሽን" አለኝ። "ጥይት ባያስቆሙም ይጋርዱናል።"

ለደንበኞች የሠራኋቸውን በሮች በጋሪ እየገፋን አወጣን። "ሰያፍ አድርጊው! የላይኛውን ጫፍ ፍርስራሹ ላይ አስደግፊ፣ ቀጣዩን ከተቃጠለው ማሽን ጋር!" እያለ ይጮኻል። የበሩ ላሜራ እየተበሳ እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ አንዱ ጥይት የጆሮዬን ጫፍ ይዞት ሄደ። መንገዱን ጋርደን ሳንጨርስ በሮቹ አለቁ፤ ወንድሜ የቀረውን ክፍት ቦታ ሮጦ አቋረጠ። እማዬን አዝሎ እየተንገዳገደ ተመለሰና ክንዴ ላይ ጣላት። ትንፋሽዋ አለ። "ልጄን ያዢው፣ እንዳይመለስ" አለችኝ።

ይዤው ነበር። ልብስ ሰፊው አፉን በጨርቅ ይዞ ከበሮቹ ጀርባ እየዳኸ ሲመጣ የመጨረሻው በር ተንሸራተተበት። ወንድሜ ከእጄ አመለጠና በሩን በትከሻው ደግፎ አቆመው። ልብስ ሰፊው አለፈ። ወንድሜ አላለፈም።

በስተመጨረሻ ምን አለሽ ብለው ይጠይቁኛል። ጉሮሮውን ነው የመቱት፣ ምን ይላል? እጄን ቁስሉ ላይ ተጭኜ "ቆይ፣ ቆይ" ስለው ደሙ በጣቶቼ መሐል ወጥቶ አለቀ።

ቀብሩ ካለፈ በኋላ የቢሮው ሰዎች ለቅሶ ደረሱ። አለቃው ከልቡ አለቀሰ፤ አልዋሽበትም። ከዚያ ዓይኑን ጠራርጎ "እናቴ፣ አንድ መጽናኛ አለን" አለ። "መንገዱ ሲያልቅ በልጅዎ ስም ይሰየማል።"

እማዬ ከፍራሹ ቀና አለች። "የትኛው መንገድ?"

"እሱ የነደፈው ነው እንጂ። ከኮረብታው እስከ ገበያው።"

"ቀጥ ያለው?"

"አዎ እናቴ፣ እንደ ጥንቱ።"

እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ተነሣሁ። አለቃውን በከረባቱ ይዤ ጎተትኩት፤ ግንባሩ ከበሩ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ተተረተረ፣ ደሙ ነጭ ሸሚዙ ላይ ወረደ። ለቅሶተኛው ሁሉ ቁጭ ብሎ ያያል፤ አንድም ሰው ተይ አላለኝም።

መንገዱ አልቋል። ሱቄ ፊት ለፊት የወንድሜ ስም ያለበት የብረት ታፔላ ተክለዋል። በመቁረጫዬ ከሥሩ ቆርጬ እጥለዋለሁ፤ መልሰው ይተክሉታል። ስሙን በገዛ እጄ መቁረጥ አንጀቴን ይበላኛል። ነገም እቆርጠዋለሁ።