ሁለቴ የሚነፋው ጥሩንባ

ጠዋት እንደወትሮው ቁርሴን በልቼ፣ ሰሃኑን አጥቤ ጫማዬን ሳስር የማኅበሩ መኪና ደጃፌ ላይ ደረሰች። ሹፌሩ ጥሩንባውን ሁለቴ ነፋ። ባለቤቴ ጡረታ ሲወጣ ይህችኑ መኪና ለማኅበሩ ሰጥቶ፣ ራሱም እስከ ዕለተ ሞቱ በነጻ ሲነዳት፣ የሚጠራኝ እንዲሁ ነበር። ሹፌሩ ከእሱ ወረሰው።

"አሮጊቷ ዛሬም እያሳለች ነው የተነሣችው፣ እትዬ" አለኝ የመኪናዋን መሪ መታ መታ እያደረገ። "ከሕመምተኞቻችን ብሳለች እኮ!"

"መድኃኒቷም ከነሱ ይወደዳል" አልኩት።

ማኅበራችን ከአልጋ መነሣት የማይችሉ ሰዎችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ያክማል። ሦስት ነርሶች አሉን፤ ሒሳቡን የምይዘው እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ስብሰባ የተጠራው ዋናው ረጂያችን ድጋፉን በግማሽ ስለቀነሰ ነው። ሊቀመንበሩ ከወንዙ ማዶ ያሉትን ሕመምተኞች እንድንተው ሐሳብ አቀረቡ።

"ምን ላድርግ? ኪሴን ገልብጬ ላሳያችሁ?" አሉ።

ዋና ነርሷ ቱግ አለች። "ታዲያ ጋሼ፣ እርስዎ ሄደው ይንገሯቸዋ! እኔ በየትኛው ዓይኔ አያቸዋለሁ?"

እኔ መልሱን ይዤ ነበር የገባሁት።

"ማንንም አንተውም" አልኩ። "መኪናዋ በነዳጅና በጋራዥ የምትበላው ከአንድ ነርስ ደመወዝ ይበልጣል። እንሽጣት። በዚያ ወጪ እዚያው ማዶ የምትኖር ነርስ እንቀጥራለን፤ በእግሯ ታዳርሳቸዋለች። ለወዲህኞቹ ነርሶች የታክሲ እንከፍላለን። የሽያጩ ገንዘብ የረጂውን ጉድለት እየሸፈነ አዲስ ረጂ እስክናገኝ ያቆየናል። አንድ ትምህርት ቤት ከነሹፌሩ ሊወስዳት ዝግጁ ነው፤ ሹፌሩንም አነጋግሬዋለሁ፣ ደመወዙ ይሻለዋል።"

ዋና ነርሷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። "እትዬ፣ የባለቤትዎ መኪና እኮ ናት።"

"የማኅበሩ ናት" አልኳት። "ይልቅ ቃለ ጉባኤው ላይ አስፍሪልኝ።"

ሊቀመንበሩ ሳቁ። "እኛ እዚህ ስንንጫጫ፣ እርስዎ ለካ ጨርሰው ነው የመጡት!"

መኪናዋ በሳምንቱ ተሸጠች። አዲሷ ነርስ ማዶ ሥራዋን ጀመረች፤ አንድም ሕመምተኛ አልተጓደለብንም። የወሩንም ሒሳብ ያለ ጉድለት ዘጋሁ። ደግሜ አየሁት፤ ልክ ነው።

አሁንም ጠዋት ቁርሴን በልቼ፣ ሰሃኑን አጥቤ፣ ጫማዬን አስሬ እወጣለሁ። ደጃፌ ላይ ጥሩንባ የሚነፋ የለም።