ሠላሳ አንደኛው ብልቃጥ

የላቦራቶሪው ኃላፊ የሰደበኝ ከሦስት ዓመት በፊት፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዘጠኝ ሰው ቆሞ ይሰማ ነበር፤ ማን የት እንደቆመ ዛሬም አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ። እኔ ያልኩት፣ «ጌታዬ፣ ይሄኛው ብልቃጥ የደፈረሰ ይመስላል» ብቻ ነው። እሱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «ከጠርሙስ ጋር የዋለ ጠርሙስ ሆኖ ይቀራል። አፉ ክፍት፣ ሆዱ ባዶ» አለ። ስምንቱ ሳቁ። ዘጠነኛዋ፣ ቀጭኗ ተመራማሪ፣ አቀረቀረች፤ ይህንንም አልረሳሁላትም። ከዚያ ወዲህ እዚያ ክፍል የምገባው አፌን ዘግቼ ነው።

ትምህርት ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ሥራዬ ዕቃ ማጠብና ያለቀለትን ብልቃጥ በረኪና ውስጥ ነክሮ መጣል ነው። ስለሚሠሩት ነገር የማውቀው ቀጭኗ እጥበት ክፍሌ እየመጣች ያስረዳችኝን ያህል ነው። በሰውነታችን ውስጥ ዘብ የሚቆሙ ነጭ የደም ሕዋሳት አሉ። እያንዳንዱ ዘብ ላዩ ላይ እንደ እጅ የሚዳብስበት ነገር አለው፤ ተቀባይ ይሉታል፣ ከፕሮቲን የተሠራ ነው። ካንሰርን ዳብሶ የሚለይ እጅ ከተገኘ ቆይቷል። ግን ልፍስፍስ ነው፤ የገላ ሙቀት ሲቆይበት ቀስ በቀስ ይፈታና እርስ በርሱ ይጣበቃል።

«እንቁላል ሲቀቀል ውሃው ምን ይሆናል ጋሼ?» አለችኝ።

«ይነጣል። ይረጋል።»

«የገጠመን እሱ ነው።»

ስለዚህ የእጁን ስፌት እዚህም እዚያም እየቀየሩ አርባ ዓይነት ሠሩ። አርባ ብልቃጥ፣ እያንዳንዱ የትንሿን ጣቴን ግማሽ የሚያህል።

ለእኔ ነገሩ የሳይንስ ብቻ አልነበረም። ታላቅ እህቴ ከአጥሩ ማዶ ባለው ሆስፒታል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተኝታለች። ያለው መድኃኒት ሁሉ ተሞክሮላት አልቋል። ሐኪሟ፣ «የሚጸና እጅ ከተገኘ፣ ለሙከራው ከሚመዘገቡት አንዷ እርስዎ ነዎት» ብሏታል። እሷ ይህን ይዛ ትጠብቃለች፤ እየጠበቀችም በእኔ ትቀልዳለች።

«ኩርፌ» ትለኛለች፤ የልጅነት ስሜ ነው። «ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ስድብ ታጥባለህ። እስካሁን አልጠራም?»

«እንዲጠራ አልፈልግም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው አስጣው። ሸተተ።»

አንድ ሰኞ ጠዋት ስገባ ክፍሉ ፀጥ ብሏል። ዓርብ መውጫ ላይ ኃላፊው አርባውን ብልቃጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጣለሁ ብሎ ማሞቂያው ውስጥ ከቷቸዋል። ሁለቱ ሣጥኖች ጎን ለጎን ናቸው፤ ሁለቱም ነጭ፣ በራቸውም አንድ ዓይነት። የማሞቂያው በር ላይ ያለው ወረቀት የእሱን ፊርማ ይዟል። ብልቃጦቹ ሁለት ቀን ተኩል በገላ ሙቀት ከርመዋል።

«በቃ፣ ተበላሽቷል» አለ ወደ ግድግዳው እያየ። ለእኔ ደግሞ ፊቱን ሳያዞር፣ «ሁሉንም በረኪና ውስጥ ክተታቸው» አለኝ። ቀጭኗ እጆቿን ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከታ ተቀምጣለች። እንባ የለም፤ እንባ ቢኖር ይሻል ነበር።

እኔ ምንም ዕቃ ወደ ብርሃን ሳላነሳ አልነክርም። የእጅ ልማድ ነው። እጥበት ክፍሌ መስኮት ላይ አንድ በአንድ አነሳሁ። ወተት። ወተት። እንደገና ወተት። ሠላሳ አንደኛው ላይ እጄ ቆመ፤ የምንጭ ውሃ ይመስላል። የቀሩትንም አየሁ፣ ሁሉም ወተት ናቸው።

አልዋሽም፤ መጀመሪያ የመጣብኝ ደስታ ነው። ዝም ብል ማን ይጠይቀኛል? ጠርሙስ ብሎኛል፣ ጠርሙስ ደግሞ አይናገርም። በረኪናው እፊቴ ነው። ቀና ስል ግን ከአጥሩ ማዶ የሦስተኛው ፎቅ መጋረጃ ታየኝ።

ተመልሼ ገባሁ። «ይሄኛው አልደፈረሰም» አልኩ። ሦስት ዓመት ያልተናገርኩበት ክፍል ስለሆነ ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

ኃላፊው ከሩቅ አየው። «ባዶ ነው። ፕሮቲኑን ሳይጨምሩበት ቀርተው ውሃ ብቻ ይሆናል።»

«ውሃ አረፋ አይዝም» አልኩና በጥፍሬ ሁለቴ መታ መታ አደረግሁት። ጥቃቅን አረፋ ከላይ ተሰበሰበ። ቆጠርኩ፤ ሃያ ስደርስም አልጠፋም። «ፕሮቲን የነካው ዕቃ እንዲህ ነው። ስንት ዓመት እሱን ሳለቀልቅ የኖርኩ ሰው ነኝ።»

«ሳሙና በደንብ ሳታለቀልቅ ቀርተህ ይሆናል።»

«ይሄ ከካርቶኑ የወጣ አዲስ ብልቃጥ ነው፣ ጌታዬ። በእኔ እጅ አላለፈም።»

ቀጭኗ ተነሥታ ከእጄ ወሰደችው። ሙቀቱን በአንድ አንድ ዲግሪ ከፍ የሚያደርግ መሣሪያ ውስጥ ጠብታ ጨመረች። ስክሪኑ ላይ፣ እጁ ሲፈታ የምትወድቅ አንዲት መስመር መሄድ ጀመረች። የበፊቱ እጅ አርባ ሦስት ላይ ነበር የሚወድቀው። አርባ ሦስት አለፈ። ሃምሳ አለፈ። ማንም ወንበር አልሳበም። ስድሳ ላይ ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ እንደገና አደረገ። መስመሯ የወደቀችው ስድሳ ስድስት ላይ ነው። ብዙዎቹን የሰፋችው ቀጭኗ፣ በዚህኛው ላይ አራት ስፌት ብቻ እንደቀየረች በሹክሹክታ ተናገረች። ዓይን የማያየው ነገር ላይ አራት ስፌት።

ከሰባት ሳምንት በኋላ ዘቦቹ ያንን እጅ እንዲያበቅሉ አድርገው፣ ከካንሰር ሕዋስ ጋር አንድ ሣህን ላይ አዋሏቸው። ቀጭኗ እጥበት ክፍሌ ድረስ መጥታ፣ «ጋሼ፣ አንተ ሳታይማ አይሆንም» አለችኝ። ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበስኩ።

ትንሿ ዘብ ዓይነ ስውር በር እንደሚፈልግ እየዳበሰች ትሄዳለች። አንዱን ነካች፣ ተወችው። ሌላውን ነካች፣ ተወችው። ከዚያ እሷን ሦስት እጥፍ የሚያህለውን ነቀርሳ ነካችና ቆመች። ተለጠፈችበት። ጠበቅሁ። ግዙፉ ሕዋስ ተንቀጠቀጠ፣ ላዩ እንደሚፈላ ገንፎ ቡፍ ቡፍ አለ፣ ፈረሰ። እሷ ለቅቃው መንገዷን ቀጠለች፤ ድል አድራጊ ነኝ የሚል ነገር የለባትም። ይህ ሁሉ በእኔም ገላ ውስጥ፣ ዕቃ ሳጥብና ሳኮርፍ፣ ዝም ብሎ ሲሠራ ኖሯል።

ቀና ስል ዘጠኙም ቆመዋል። ኃላፊው ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ «የድሮዋን ቀልድ አልያዝክብኝም አይደል?» አለ ፈገግ ብሎ።

ስድቡን ቀልድ አለው። ለዚህች ጥያቄ ሦስት ዓመት ያሰናዳሁት መልስ ነበረኝ፤ ስለት ያለው፣ ቤት የሚመታ። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዓይኔ ውስጥ ግን ያቺ ትንሽ ዘብ አሁንም ትዳብሳለች። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ፤ የሕመምተኛ መጠየቂያ ሰዓት ደርሷል። የእህቴ ሐኪም ምዝገባው በዚህ ሳምንት ይጀመራል ብሏት እንደሆነ ገና አላወቅሁም።

ጋዋኔን አውልቄ ሰቀልኩና በአጥሩ በር በኩል ወጣሁ።