ሦስት ረመዳን

ከመጋረጃው ወዲያ ጢጥ የሚል ድምፅ ተሰማ። ወዲያው የወንድ ድምፅ ዝቅ ብሎ «ሲሃም፣ የኔን አትመዝግቢው» አለ።

መጋረጃው ሲገለጥ የማኅበሩ አንጋፋ ሐኪም ዶክተር ኢድሪስ አንድ ጣታቸውን በጥጥ እንደያዙ ብቅ አሉና ወረፋውን አይተው ተመለሱ። ነገሬ አላልኩም። ሐሳቤ እናቴ ላይ ነበር።

የሙስሊም ሐኪሞችና የጤና ባለሙያዎች ማኅበር በየዓመቱ፣ ረመዳን ሊገባ ሲል፣ አንድ እሁድ ጎፋ ባለው ቢሮው የስኳር ሕመምተኞችን ይመረምራል። የሚችለውን ጹም፣ የማይችለውን አትጹም ይላል። እናቴ ቀመሪያ ሦስት ዓመት በተከታታይ አትጹሚ ተብላለች። ዛሬ ጠዋት ግን ከሀና ማርያም ታክሲ ስንሳፈር «ሃሩን፣ ዘንድሮ ልቤ ነግሮኛል» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ተመኝቻለሁ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ለሱሑር፣ ጎህ ሳይቀድ ለሚበላው ምግብ፣ ብቻዬን ተነስቼ፣ ሳህኑ እንዳይንኳኳ እየተጠነቀቅኩ እበላለሁ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የተኛች ትመስላለች። እንዳልተኛች አውቃለሁ። ድሮ ቀስቃሼ እሷ ነበረች፤ ግንባሬን እየዳበሰች «ተነስ፣ ጎህ ሊቀድ ነው» ትለኝ ነበር። የናፈቀኝ ያ እጅ ነው። ለዚህ ነው ትናንት እራት ሳትቀምስ ስትተኛ ዝም ያልኳት። ጠዋት የስኳሯ ቁጥር ዝቅ እንዲልላት ብላ ኪኒኗን ደርባ ስትውጥም አይቻለሁ። ያኔም ዝም አልኩ።

ከፊታችን ገብቶ የነበረው የሰፈራችን ባለ ሻይ ቤት አብዶ እየሳቀ ወጣ።

«ጹም አሉኝ እኮ! ሰበቤን ቀሙኝ!»

«አንተ ደግሞ ጾመህ ታውቃለህ እንዴ?» አለችው ከወረፋው አንዷ። ሁሉም ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። አብዶን ያየችው ሰው በዓል ቀን አዲስ ልብስ የለበሰ ጎረቤቱን እንደሚያየው ነው።

ገባን። ነርሷ ሲሃም የእናቴን ጣት ወጋች። መሣሪያው ጢጥ አለ። ቁጥሩን አየችና መሣሪያውን ለዶክተሩ አቀበለቻቸው።

«ሃምሳ ስምንት» አሉ።

«አልሐምዱሊላህ! ወርዷል አይደል?»

«ከልክ በላይ ወርዷል እናቴ። እጅዎ እየተንቀጠቀጠ ነው። ቁርስ በልተዋል?»

እናቴ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ መሬት።

«ኪኒኑን ደርባ ነው የዋጠችው» አልኩ። «እራትም አልበላችም።»

ሲሃም ሮጣ ስኳር የበዛበት ሻይ አመጣች። «እማማ፣ ይጠጡ። ኋላ ራስዎን ይስታሉ!» እናቴ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች፤ ከዚያ ጠጣችው። እንባዋን መጥረግ ረሳች።

ዶክተር ኢድሪስ እስክትጨርስ ጠበቋት።

«ዘንድሮም አይሆንም። አላህ በሽተኛን አላስገደደም። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሚስኪን ያብሉ፣ ይበቃዎታል።»

«አበላለሁ። ሦስት ረመዳን አብልቻለሁ። እሱ ጠግቦ ይሄዳል፣ እኔ እየበላሁ ይርበኛል። ምሳዬን እኮ እንደ ሌባ በሬን ዘግቼ ነው የምበላው ዶክተር። ፀሐይ ገብታ መግሪብ ሲል ሰው ሁሉ ቴምሩን ያነሳል። እኔ ምኔን ላፍጥር?»

«አውቃለሁ» አሉ ቀስ ብለው።

«ወላሂ አያውቁትም! ከየት ያውቁታል?»

ዶክተሩ መዝገቡን ወደ ራሳቸው ሳቡ። የእናቴ ዐይን እጃቸው ላይ አረፈ። እኔም ተከትዬ አየሁ። ቅድም ያየኋት ጥጥ አሁንም ጣታቸው ላይ ናት። ሲሃም አንገቷን ደፋች።

እናቴ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ድምጿ በረደ።

«እርስዎስ ዶክተር፣ በር ዘግተው ሲበሉ ስንት ረመዳንዎ ነው?»

ዶክተር ኢድሪስ እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ከተቱ፤ መልሰው አወጡትና መዝገቡ ላይ አኖሩት። ነጩን ጋዋናቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ አንጠለጠሉ። እናቴን ቀና ብለው ሳያዩ መጋረጃውን ገልጠው ወጡ።

«ዶክተር፣ ወዴት ነው? ወረፋው እኮ ገና ነው!» አለ አብዶ ከውጭ።

የሰማነው ደረጃውን ሲወርዱ የጫማቸውን ኮቴ ብቻ ነው።