ሦስት ጊዜ የተነካው መጥሪያ

ኢድሃም ከስድስት ዓመት በኋላ አባቱ ደጅ ቆሞ ሦስት ጊዜ ደወለ፤ መጥሪያው ቤት ውስጥ አልጮኸም፤ ተመልሶ ሄደ። ጥፋቱ የእህቱ የማስቱራ ነበር።

ማስቱራ ይህን የሰማችው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ የደረቀ ልብስ ከገመድ ስታነሳ ነው። ጎረቤታቸው እትዬ ሰፒያ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ በኢድ ወር የመጣ ሰው እንዲህ አይመለስም አሏት። ማን መጥቶ ብላ ስትጠይቅ መጀመሪያ አላመኗትም። ኢድሃም ሦስት ዓመት የሚሆናት ልጅ አቅፎ መጥቶ ነበር። መጥሪያውን የሚያስነካው እሷን ነው፤ የግቢው በር ላይ ያለችው ቀይ መብራት ብልጭ ባለች ቁጥር ልጅቷ ትስቃለች። የቤቱ መኪና ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ የቴሌቪዥኑ ድምፅ እስከ መንገዱ ይሰማል።

«እኔው ነኝ ያባባስኩት» አሉ እትዬ ሰፒያ። «ቤት ናቸው፣ ቴሌቪዥኑ አይሰማህም እንዴ አልኩት። ‘ሰምቻለሁ’ ብሎኝ ሄደ። ለአሥራ ሁለት ሰዓቱ አውቶቡስ ወንዙ ዳር ወዳለው ጣቢያ ወርዷል።»

በእነሱ ከተማ በሙዋር እንግዳ ደጅ ቆሞ ሦስት ጊዜ ሰላም ይላል። ካልተመለሰለት አይነዘንዝም፤ ይሄዳል። መጥሪያውም ያው ሰላምታ ነው፤ ሲነካ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለችው ሳጥን በአንዲት ሴት ድምፅ «አሰላሙ አለይኩም» ትላለች። ማለት ነበረባት።

አባታቸው ሐጂ ሩስዲ፣ ኢድሃም ሳያማክራቸው ስላገባ «እስክጠራህ እንዳትመጣ» ብለውት ነበር። ከዚያም አልጠሩትም። ግን መጥሪያው በጮኸ ቁጥር ቀድመው የሚነሱት እሳቸው ናቸው። የመጣው ውሃ ቆጣሪ አንባቢ ሆኖ ሲገኝ፣ ወገቤን ላፍታታ ብዬ ነው ይላሉ።

ማስቱራ ከጾሙ በፊት በየወሩ የባትሪ ድንጋይ መግዛት ሰልችቷት፣ ለሪሞቱም፣ ለአባቷ የደም ግፊት መለኪያም፣ ለመጥሪያውም ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ድንጋይ ልትገዛ ሽማግሌው ሊዮንግ ሱቅ ሄዳ ነበር። ሁለት ዓይነት አወጡላት። የሚይዙት ኃይል አንዱ ላይ ሁለት ሺህ፣ ሌላው ላይ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ተብሎ ተጽፏል። ትልቁን አነሳች።

«በየቀኑ ለምትነኪው ዕቃ ትልቁ ጥሩ ነው» አሉ ሊዮንግ። «ለመጥሪያ ግን ትንሹን ውሰጂ። ትልቁ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ራሱን ይጨርሳል። ትንሹ ይጠብቃል።»

«አጎቴ፣ ቁጥር ማንበብ እችላለሁ።»

«ማንበቡንማ ትችያለሽ። መጠበቅ ነው የማትችይው።»

ትልቁን ገዝታ ወጣች። የሪሞቱንና የግፊት መለኪያውን ሲደክሙ እያወጣች ቻርጅ ታደርጋለች። መጥሪያውን ግን በጾሙ ወር የነካው አልነበረም፤ በኢድ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደግሞ የግቢው በር ወለል ብሎ ስለዋለ ማንም ዘው ብሎ ይገባ ነበር። በሩ ላይ ያለው ቁልፍ የራሱ ድንጋይ ስላለው መብራቱ ይበራል፤ ሳጥኗ ግን መቼ ጸጥ እንዳለች ያወቀ የለም።

አሁን ልብሱን ሣሩ ላይ ጥላ ገባች። ከግፊት መለኪያው ውስጥ ከትናንት ወዲያ ቻርጅ ያደረገቻቸውን ድንጋዮች አውጥታ ሳጥኗ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ወደ ግቢው በር ሄዳ ነካችው።

«አሰላሙ አለይኩም» አለች ሴትየዋ ከውስጥ።

«ወአለይኩሙ ሰላም» የሚል የአባቷ ድምፅ ተከተለ። ቴሌቪዥኑ ጠፋ። ማስቱራ ይህን አላሰበችበትም ነበር። ሐጂ ሩስዲ ሽርጣቸውን እያጠበቁ፣ ቆባቸውን አጣመው ደፍተው በረንዳው ላይ ብቅ አሉ። «ግቡ፣ ግቡ» አሉ፤ ዓይናቸው እሷን አልፎ መንገዱን ይፈልጋል።

«እኔ ነኝ አባዬ። እየሞከርኩት ነው።»

ቆባቸውን አወለቁ። ሳታለሳልስ ነገረቻቸው፦ ማን እንደመጣ፣ ድንጋዩን ማን እንደመረጠ። አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«ስንቴ ደወለ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ደንቡን አልረሳውም» አሉ። ያስተማሩት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ የልጅቷ ስም ማን እንደሆነ ጠየቁ። ማስቱራ አታውቅም። እትዬ ሰፒያም አያውቁም።

የመኪናውን ቁልፍ ስታነሳ አባቷ ከሳጥኗ ስር ወንበር ስበው እየተቀመጡ ነበር። ግፊትዎን በምን ልንለካ ነው አለቻቸው፤ ሌላ ድንጋይ እስኪገኝ እነዚያን ወደ መለኪያው ልትመልሳቸው እጇን ወደ ሳጥኗ ስትዘረጋ ያዟት።

«ግፊቴ ይቆይ። አባትህ ጠራህ በይው።»

«እሺ። የግቢውን በር ክፍት ልተወው?»

«ዝጊው» አሉ። «ልጅቷ ትደውል። እኔ እከፍታለሁ።»

መኪናውን ወደ መንገዱ አወጣች፤ ወርዳ ተመለሰችና የግቢውን በር ዘጋችው።