የመወጣጫው ቁልፍ

አውቶቡሱ አዲስ ነበር። የፋብሪካ ሽታው ገና አልለቀቀውም፤ የወንበሮቹ ላስቲክ እንኳ አልተገፈፈም። ግንባሩ ላይ ቀይ ሪባን ታስሯል። ከሪባኑ አጠገብ አንድ ትልቅ ሰው ቆሞ ስለ አዲሱ መመሪያ ያወራል። ከእንግዲህ አካል ጉዳተኛ ዜጋ እንደማንኛውም ሰው ይሳፈራል፣ እንደማንኛውም ሰው ሥራ ይገባል፣ እንደማንኛውም ሰው ቤቱ ይመለሳል። ይህችን «እንደማንኛውም ሰው» የምትል ነገር ሰባት ጊዜ ደጋገማት። የቆጠረችው ሰዓት ሠሪዋ ናት።

ሰዓት ሠሪዋ ለዛሬው በዓል የተጋበዘችው የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ እንድትሆን ነው። ለዚሁ ቀን በተሰፋ ሰማያዊ ቀሚስ ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። አሥራ አራቱን ዓመት የኖረችው በቤቷ መስኮት ሥር፣ አንድ ዓይኗ ላይ ማጉያ ሰክታ፣ የሰፈሩን ሰዓት ስትፈታና ስትገጥም ነው። ሰፈርተኛው «ደቂቃ» ይላታል፤ እሷም ስሙን ወዳዋለች።

ለእሷ ግን በዓሉም ሪባኑም ጉዳይዋ አልነበረም። ጉዳይዋ ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ደብዳቤ ነው። ውሃ መሥሪያ ቤቱ በመመሪያው መሠረት ለቆጣሪ መጠገኛ ክፍል አካል ጉዳተኛ ባለሙያ ሲፈልግ ተፈተነች። ሦስት የሞቱ የውሃ ቆጣሪዎች ሰጧት፤ ሦስቱንም አስነሳቻቸው። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «እስከ ዓርብ አሥር ሰዓት ድረስ ቀርበው ካልፈረሙ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል።» ከሥሩ ደግሞ በደቃቅ ፊደል «ያለ ደጋፊ በራስ መመላለስ መቻል ግዴታ ነው» የምትል መስመር አለች። ዛሬ ዓርብ ነው። አዲሱ አውቶቡስ ደግሞ በውሃ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ያልፋል።

ደጋፊ አላጣችም። ታላቅ ወንድሟ አለ። ቤት ቀለም ይቀባል፤ እሷን ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ በጀርባው ይሸከማል። ትምህርት ቤት ተሸክሟታል፣ ሐኪም ቤት ተሸክሟታል፣ አንድ ጊዜ ባሕር አይታ ስለማታውቅ ብቻ ሐይቅ ዳር ድረስ ተሸክሟታል። አምና ወገቡ ከዳው። ሐኪሙ «ከቀለም ባልዲህ በላይ የሆነ ነገር እንዳታነሳ» አለው፤ እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ በማግሥቱ እህቱን አነሳት።

«ጋሼ፣ ዛሬ እንዳትመጣ» ብላው ነበር ጠዋት። «ብትመጣ አላናግርህም።»

«እኔ ምን አገባኝ!» አለ ጫማውን እያሰረ። «ግድግዳ የሚጠብቀኝ ሰው ነኝ።»

ሪባኑ ተቆረጠ። ከአውቶቡስ ድርጅቱ የመጣ ንብረት ያዥ ከደረት ኪሱ ትንሽ ቁልፍ አወጣና በሩ ሥር ባለ ቀዳዳ ከቶ አዞረው። መወጣጫው ቀስ ብሎ ከአውቶቡሱ ሆድ ወጥቶ አስፋልቱ ላይ ተነጠፈ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሰዓት ሠሪዋ ጎማዋን ራሷ እየገፋች ወጣች፤ ማንም አልነካትም። ንብረት ያዡ መወጣጫውን አስገባ፣ ቆለፈ፣ ቁልፉን መለሰና ደረት ኪሱ ከተተ። በፊርማ ያወጣው ንብረት ነዋ! ቢጠፋ ተጠያቂው ማን ነው? ከዚያ መንገዱን ተሻገረና ሄደ።

በእነዚያ ሁለት ፌርማታዎች ያየችውን የሚያህል ደስታ አይታ አታውቅም። ከተማውን ሁልጊዜ የምታየው ከወንድሟ ትከሻ በላይ፣ እሱ በተራመደ ቁጥር እየተናጠ ነበር። አሁን ረጋ ብሎ በመስታወቱ ላይ ይፈስሳል። አንዲት ሴት ሰገነት ላይ እርጥብ አንሶላ ትሰቅላለች። አውቶቡሱ የቆመ፣ ከተማው እሷን ለማየት ተራ በተራ የሚያልፍ መሰላት።

ውሃ መሥሪያ ቤቱ ሲደርሱ ደወሉን ተጫነች። ሹፌሩ ወርዶ የመወጣጫውን ቀዳዳ አየው፣ በጣቱ ነካካው፣ ራሱን አከከ።

«ቁልፉስ?» አለች።

«ቁልፉማ ንብረት ያዡ ጋ ነው» አለ ሹፌሩ። ስልክ ደወለ፤ ዝግ ነው። ድርጅቱ ጋ ደወለ። ሰምቶ ሲያበቃ ሊስቅም ሊያለቅስም የቃጣው ሰው መሰለ። «ስልጠና ገብቷል። ስልክ ዘግተው ነው የሚሰለጥኑት። አካል ጉዳተኛን በእኩልነት ስለማገልገል ነው አሉኝ።»

አንድ ወፍራም ተሳፋሪ እጅጌውን ሰበሰበ። «ምን ችግር አለ? ለአራት ሆነን እናወርዳታለን! እሷ እንደሁ ላባ ናት።»

«አይሆንም» አለች ሰዓት ሠሪዋ።

«እህቴ፣ ለአንቺ ብለን እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ግን ዛሬ አራት ሆናችሁ ብታወርዱኝ፣ ሰኞ ማን ያወርደኛል? ማክሰኞስ?»

ሰውየው እጅጌውን መልሶ ዘረጋ። ሹፌሩ መንገድ መዝጋት አይችልም። «አንድ ዙር እንዙር፤ ሁለት ሰዓት ነው የሚወስደው። እስከዚያ ያ ሰውዬ ይሰለጥንልናል» አላት። አውቶቡሱ ሲነሳ ከውሃ መሥሪያ ቤቱ አጥር ጥግ፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ኋላ፣ ቀለም የነካው ሸሚዝ አየች። ጋሼ ነው። እንዳትመጣ ቢባልም መጥቶ፣ ራሷን ችላ ስትወርድ ሊያይ ተደብቋል። መስኮቱ ውስጥ ሲያያት ሁሉን ረስቶ እጁን አውለበለበላት። ሽርሽር ላይ ያለች መስሎታል መሰል፣ ፊቱ ጥርስ በጥርስ ሆኗል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እንደ እንቅልፍ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ጠብታ ውሃ አልቀመሰችም፤ ከቤት በምትወጣበት ቀን አትጠጣም፣ ሽንት ቤቱ ደረጃ ይኑረው አይኑረው አታውቅማ። ራሷ ቀለላት። ፀሐይዋ በአንዱ መስታወት ገብታ በሌላው ትወጣለች። ሰዎች ይገባሉ፣ ይወርዳሉ። መውረድ እንዲህ ቀላል ነገር መሆኑን አስተውላው አታውቅም፤ ስልክ እያወሩ ይወርዳሉ፣ እያዛጉ ይወርዳሉ። በሕልሟ ይሁን በውኗ፣ ከተማው ሁሉ የተከፈተ ሰዓት ሆነና ባለ ጥርስ መዘውሮቹ ሲዞሩ አየች፤ እሷ መሐሉ ላይ ተቀምጣ የቱ ጥርስ እንደያዘው ትፈልጋለች። ነቃ ስትል ሰገነት ላይ ያለው አንሶላ ግማሹ ደርቆ በነፋስ ይውለበለባል።

በሁለተኛው ዙርም ቁልፉ አልመጣም። ወንድሟ ከሰሌዳው ኋላ ወጥቶ ቆሟል፤ አሁን አይስቅም። በሦስተኛው ዙር አንሶላው ተሰብስቦ ገመዱ ባዶውን ቀርቷል። ውሃ መሥሪያ ቤቱ ሲደርሱ ለአሥር ሰዓት ሃያ ደቂቃ ይቀራል።

«እባክህ ሞተሩን አጥፋው» አለች ሹፌሩን።

ሹፌሩ በመስታወቱ አያት። ከኋላ ሦስት መኪና ጡሩምባ ነፋ። አጠፋው።

በሩ ተከፈተ። ወንድሟ ጎዳና ላይ በሩ ፊት ቆሞ ነበር። እንደ ልማዱ ዞረና ቁጢጥ አለ፤ ያንን የምታውቀውን ጀርባ ሰጣት። ሸሚዙ በላብ ርሷል። ሲጎነብስ ወገቡን እንዳመመው ፊቱ ባይታያትም ከአንገቱ አወቀች።

አንድ ጊዜ ብቻ እጇን ብትዘረጋ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ትፈርማለች። እሱም ደስ ይለዋል። ያቺ ደቃቅ ፊደልስ? ከሰኞ ጀምሮስ ይህ ጀርባ በየቀኑ ሊመጣ ነው?

ሌላ መንገድ እንዳለ ጠዋትም ታውቅ ነበር። በቤቷ ውስጥ መሬት ለመሬት፣ በመዳፏ እየተገፋች ነው የምትሄደው። ይህን ግን ከወንድሟ በቀር ያየ ሰው የለም፤ ጎዳና ላይ፣ ሰው ፊት፣ ከሞት ለይታ አታየውም ነበር። እውነቱን ለመናገር አራት ሰዓት ሙሉ ከተማውን ያዞራት ቁልፉ ብቻ አይደለም፤ ይህ እፍረት ጭምር ነው።

«ጋሼ፣ ተነስ» አለች ቀስ ብላ። «ወዲያ ሂድ።»

ከወንበሯ ወደ አውቶቡሱ ወለል ወረደች። ሰማያዊ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ከጉልበቷ በታች ሸጎጠች። የመጀመሪያውን ደረጃ ወረደች። ወፍራሙ ሰውዬ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ሳይወርድ ቀርቶ ኖሮ ባርኔጣውን አወለቀ። ሁለተኛው ደረጃ። ወንድሟ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሟል፤ እጆቹ በራሳቸው ጊዜ ወደ እሷ ሲሄዱበት ወደ ኋላው ወስዶ አቆላለፋቸው። በሕይወቱ እንደዚያ የከበደ ነገር ይዞ አያውቅም። እሷም አስፋልቱን ነካች። ትኩስ ነበር።

ሹፌሩ ወንበሯን አውርዶ ዘረጋላት። «ሰኞ ያ ቁልፍ እጄ ካልገባ ይህን መኪና አላንቀሳቅስም፤ ከፈለጉ ያባሩኝ!» አለ። ክንዷን ወንበሩ ላይ አስደግፋ፣ አንዴ ተንሸራትታ፣ ሁለተኛ ሞክራ ተቀመጠች። ቀሚሷ አፈር በአፈር ሆኗል፤ መዳፏ ተልጧል።

ጡሩምባው የጠራው የውሃ መሥሪያ ቤቱ የቅጥር ኃላፊ፣ መዝገብ በብብቱ እንደያዘ በር ላይ ቆሟል። መጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ ባለ ቀለሙን ሸሚዝ አየ። የሁለቱ ፊት መመሳሰል ለማንም አይሰወርም።

«ጌታዬ፣» አለው ወንድሟን፣ «እርስዎ ነዎት ያመጧት?»

ወንድሟ መዋሸት አይችልበትም፤ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። ጆሮው ቀላ።

«እኔ?» አለ። «ኧረ እኔ አላውቃትም። መንገደኛ ነኝ።»

ይህን ብሎ፣ ወገቡን በእጁ ደገፍ አድርጎ፣ እንደ መንገደኛ ሄደ። እሷም ዞራ ሳታየው ጎማዋን በተላጠ መዳፏ እየገፋች ወደ ውስጥ ገባች። ዕድሜዋን ሙሉ ሲሸከማት ኖሮ፣ እንደዚያች ቅጽበት ወዳው አታውቅም።